በቅጽር ውስጥ የምታድር መኪና

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥታ፣ በረሃውን ተሻግራና አቀበቱን ወጥታ አዲስ አበባ በገባችበት ዘመን፣ በአገሩ ሁሉ የነበሩት አውቶሞቢሎች በጣት የሚቆጠሩ ስለ ነበሩ፣ ደፍሮ የሚሰርቃት ቢገኝ እንኳ የሚሸሽጋት ዋሻ፣ የሚገዛውም ሰው ባላገኘ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በከተማችን ጎዳና ላይ አንዱ ቪትስ ከሌላው ቪትስ፣ አንዱ ኮሮላ ከሌላው ኮሮላ በቀለምና በታርጋ ካልሆነ በቀር የማይለይ በመሆኑ፣ ከአንዱ የተነቀለው መብራት ወይም ስፖኪዮ ለሺህ ሌሎች ልክ ይሆናል፤ ይህም መመሳሰል ባለ መኪናው መለዋወጫ በቀላሉ እንዲያገኝ የረዳውን ያህል ለሌባውም ገበያ አበጅቶለታል። መኪና ደግሞ ለብዙው ቤተ ሰብ ከመኖሪያ ቤቱ ቀጥሎ ያለ ዐቢይ ንብረት፣ ለአንዳንዱም ቤት ሳይኖረው ያፈራው ብቸኛ ሀብትና የዕለት እንጀራው ስለሆነ፣ ሌሊት በደጁ ወይም በግቢው አቁሟት ሲተኛ እንዴት ሊጠብቃት እንደሚገባው መመርመር ለባለጸጎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ ጉዳይ የሚሰማው ምክር ብዙ ነው። አንዱ አጥርህን አስረዝም ይላል፤ ሁለተኛው ውሻ አሳድግ ይላል፤ ሦስተኛው የሚጮኽ መሣሪያ አስገጥም ይላል፤ ሁሉም በየፊናው እውነት አለው። እኔ ግን ሁሉንም በአንድ ሚዛን መመዘን ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ሚዛኑም ጊዜ ነው። የማይሰበር ቁልፍና የማይታለፍ ቅጽር እስከ ዛሬ በሰው እጅ አልተሠራም፤ ጥበበኞች ያወጡት መከላከያ ሁሉ የሚያደርገው ሌባው በአንድ ደቂቃ ሊፈጽመው ያሰበውን ሥራ ወደ አምስትና ወደ ዐሥር ደቂቃ ማራዘም፣ በዚያም መካከል አንድ ሰው ከእንቅልፉ እንዲነቃ ማድረግ ነው። ወንጌል ሌባው በየትኛው ሰዓተ ሌሊት እንደሚመጣ ስለማያውቀው ባለቤት ይናገራል፤ በእርግጥም ሰዓቱን የመምረጥ ሥልጣን ሁልጊዜ በሌባው እጅ ነው፣ በእኛ በኩል የቀረው የሥራውን ርዝመት መወሰን ነው።

ከቅጽሩ እንጀምር። የአዲስ አበባ ነዋሪ አቅሙ በፈቀደ መጠን አጥሩን በድንጋይ ወይም በብሎኬት ያስገነባል፣ ከላዩም የጠርሙስ ስባሪ በሲሚንቶ ይተክላል ወይም እሾሃማ ሽቦ ይዘረጋል፣ ፊት ለፊቱንም በሁለት ተካፋች የብረት በር ይዘጋል። ይህ ሁሉ ሰው እንዳይገባ ይከለክላል፤ መኪና እንዳትወጣ የሚከለክለው ግን በሩ ብቻ ነው፣ የበሩም ኃይል በመወርወሪያውና በማጠፊያው ላይ የተመሠረተ ነው። ብዙዎች በውድ ዋጋ ጓጉንቸር ገዝተው፣ ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበት ቀለበት ግን በሁለት ነጥብ ብየዳ ብቻ የተያዘ መሆኑን ሳይመለከቱ ይቀራሉ፤ ሌባውም ጓጉንቸሩን ሳይነካ ቀለበቱን በፌሮ ብረት ፈልቅቆ ይጥለዋል። ወደ ላይ ሲያነሡት የሚወልቅ ማጠፊያ ያለው በርም እንደ ተቆለፈ ከቦታው ሊነሣ ስለሚችል፣ በማጠፊያው ራስ ላይ ጥቂት ብየዳ ማስጨመር ከሁለተኛ ጓጉንቸር የበለጠ ይጠቅማል። መኪናዪቱን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ጎማዎቿን ወደ አንድ ወገን ጠምዝዞና መሪውን ቆልፎ ማሳደርም ሞተር ሳይነሣ ተገፍታ እንዳትወጣ ያግዛል። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩት ግን ይህን ሁሉ ለብቻቸው ማድረግ አይችሉም፤ የእነርሱ ቅጽር የጋራ ነው፣ ስለዚህም ጥበቃቸው ከአጥር ይልቅ በጋራ በሚከፍሉት ዘበኛና በመብራት ላይ የተደገፈ ነው።

ነገር ግን በቅጽሩ ሕይወት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጊዜ እኩለ ሌሊት አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ በሩን የሚከፍትበት ቅጽበት ነው። ዘበኛ በሌለበት ቤት ሰውየው ከሥራው ሲመለስ መኪናዪቱን በበሩ አፍ ላይ ያቆማታል፤ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ቁልፉን ከመሪው ሥር እንደ ተንጠለጠለ ትቶ፣ የጋቢናውን በር ገርበብ አድርጎ ይወርዳል፤ ጓጉንቸሩን በጨለማ ሲደባብስ፣ አንዱን ተካፋች ሲገፋ፣ ነፋስ እንዳይመልሰው ድንጋይ ሲያስደግፍለት፣ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ጀርባው ለመኪናዪቱ ነው። ይህን ጊዜ በቤቴ ደጃፍ ላይ ቆጥሬዋለሁ፤ 40 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ሌሊቱን ሙሉ በብረት፣ በውሻና በመብራት ያስረዘሙትን የሌባ ሥራ ባለቤቱ በገዛ እጁ ወደ አንድ እርምጃና ወደ አንድ ረገጣ ያሳጥረዋል። በኋላው ወንበር እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ካለ ደግሞ ነገሩ ስለ ንብረት መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን በእጅ ይዞ መውረድ፣ ጧትም ሞተር እንዲሞቅ ብሎ መኪናዪቱን በተከፈተ በር ፊት ትቶ ወደ ቤት አለመመለስ፣ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ሆኖ ሳለ ከምክሮቹ ሁሉ የሚቀድም ነው።

መኪና በሙሉ ከምትሰረቅ ይልቅ አካሏ ተቆርጦ የሚወሰድበትን ነገር ደግሞ በዓይኔ እንዳየሁት ልናገር። በሌሊተ ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከዚያ በቀር ሌላ ድምፅ አይሰማም። በእንዲህ ያለ የሐምሌ ሌሊት፣ ግቢዬ አሸዋና ብሎኬት ተራግፎበት ስለ ነበረ መኪናዬን ከአጥሩ ውጭ አሳደርኋት። ጧት ስወጣ የቀኙ ስፖኪዮ በነበረበት ቦታ ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ቀይ፣ ጥቁርና ሰማያዊ፣ ጫፋቸው እኩል ተቆርጦ የዝናብ ጠብታ አንጠልጥለው ነበር። በሩ አልተቧጨረም፣ መስኮቱም አልተሰበረም። በሣልስቱ ወደ አንድ የመለዋወጫ መደብር ሄጄ ተመሳሳዩን ብጠይቅ፣ ሻጩ ከመደርደሪያው አውርዶ ሰጠኝ፣ የነገረኝም ዋጋ ከጠበቅሁት እጅግ የወረደ ነበር። ገልብጬ ጀርባውን ባየሁት ጊዜ ግን ሽቦዎቹ በምላጭ የተቆረጡ ሆነው አገኘኋቸው። መካኒክ ስፖኪዮ ሲያወጣ የበሩን ልባስ አንሥቶ ብሎኖቹን ይፈታል፣ ሽቦውንም ከሶኬቱ ይነቅለዋል እንጂ አይቆርጠውም። ቀለሙ ሌላ ስለ ነበረ የእኔ አልነበረም፤ የአንድ ሌላ ሰው ጧት እንደ ነበረ ግን አልተጠራጠርሁም። መለስሁለትና በሌላ ስፍራ፣ ሶኬቱ ሙሉ የሆነውን፣ ዋጋውን ጨምሬ ገዛሁ።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት የጉዳዩ ሥር በእኛ በገዢዎቹም ዘንድ ስለሚገኝ ነው። ሕጉ የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የተቀበለውንም ይቀጣል፤ ልማዳችን ግን ሌባውን እየረገመ የርካሹን ዕቃ ምንጭ ሳይጠይቅ ይገዛል። ስፖኪዮው የተወሰደበት ሰው የሌላውን ሰው ስፖኪዮ በርካሽ ሲገዛ፣ ለሚቀጥለው ሌሊት ሥራ ቀብድ መክፈሉ ነው። የታርጋ ቁጥርን በስፖኪዮው መስተዋት፣ በመስኮቶቹ ጥግና በመብራቶቹ ላይ ማስቀረጽን ከሌሎቹ ዘዴዎች አብልጬ የምወደውም ስለዚህ ነው፤ የሌባውን እጅ ባያዘገይ እንኳ ዕቃው ከተነቀለ በኋላ ገዢ የሚያገኝበትን ጊዜ ያረዝመዋል። በስፖኪዮውና በኋላ መብራቱ ላይ የብረት ቅጠል ማስመታት፣ ለባትሪው ሣጥን ቁልፍ ማበጀት፣ ከእያንዳንዱ ቸርኬ ዳዶዎች አንዱን በልዩ መፍቻ ብቻ በሚፈታ መለወጥም የተለመዱና የሚጠቅሙ ናቸው፤ ውበት ይቀንሳሉ የሚለውን ክርክር ግን አልቀበለውም።

መላዪቱን መኪና ለመጠበቅ ከተሠሩት ጥንታውያን መሣሪያዎች መካከል በመሪው ላይ የሚጋደመው የብረት ማሰሪያ ዋነኛው ነው። መጋዝ የያዘ ሰው ብረቱን ትቶ የመሪውን ክብ ራሱን ቆርጦ ሊያላቅቀው ይችላል፤ ሆኖም መቁረጡ ጊዜ ይወስዳል፣ ከውጭም በመስኮት ስለሚታይ ብዙውን ጊዜ ሌባው ወደ ሌላ መኪና እንዲያልፍ ያደርገዋል። ስውሩ ማጥፊያ በአንጻሩ ኃይሉ ባለመታየቱ ነው፤ ወደ ነዳጅ ፓምፑ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጥ ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ ባለቤቱ ብቻ በሚያውቀው ቦታ ይገጠማል፣ ሌባው ቁልፍ ቢያገኝ እንኳ ሞተሪኖው ይሽከረከራል እንጂ ሞተሩ ጸንቶ አይነሣም፣ እርሱም መኪናዪቱ የተበላሸች መስሎት ይተዋታል። ይህን ሥራ ለሠለጠነና ለታመነ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንጂ በመንገድ ለተገኘ ሁሉ መስጠት አይገባም፤ በክፉ የተቀጠለ ሽቦ እሳት ያስነሣልና፤ ደግሞም ምሥጢሩን የሠራው ሰው ምሥጢሩን ያውቃል። የሚጮኸውን መሣሪያ በተመለከተ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው የአባቶቻችን ተረት የተነገረለት ይመስለኛል፤ በነጐድጓድና በድመት ኮቴ ሁሉ የሚጮኽ መሣሪያ ሰፈሩን ጩኸቱን ንቆ እንዲተኛ ያስለምደዋል። ስለዚህ የሚያስገጥመው ሰው ስሜቱ ልከኛ እንዲሆን አስተካክሎ ያስገጥመው፤ በከንቱም ሲጮኽ ወዲያው ወጥቶ ያጥፋው።

ከብረቱ ቀጥሎ የመጣው ጥበብ ኢሞቢላይዘር የሚባለው ነው። በቁልፉ ራስ ውስጥ የተቀበረው ትንሽ ቺፕ የራሱ ባትሪ የለውም፤ ቁልፉ ሲገባ በማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመው ሽቦ በሚሰጠው መግነጢሳዊ ኃይል ይነቃና የምሥጢር ቁጥሩን ይናገራል፤ የሞተሩ ኮምፒዩተር ቁጥሩን ካላወቀው ነዳጅም ሆነ እሳት አይሰጥም። እንግሊዝ በጥቅምት 1998፣ አውስትራሊያ በሐምሌ 2001፣ ካናዳ በመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ይህ መሣሪያ በአዳዲስ አውቶሞቢሎች ሁሉ ላይ እንዲኖር አስገድደዋል። አሜሪካ ግን ይህን የመሰለ ግዴታ ስላልነበራት፣ ከ2011 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ለዚያ አገር ከተሠሩት የሂዩንዳይና የኪያ መኪኖች ብዙዎቹ ያለ እርሱ ወጡ። ከዚህ የተነሣ በሚልዋኪ ከተማ የጀመረ የስርቆት ወረርሽኝ በ2022 በተንቀሳቃሽ ምስል አማካይነት ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ ወጣቶች ከመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ገንጥለው፣ የቁልፉን ማስገቢያ አውጥተው፣ በስልክ መሙያ ገመድ ጫፍ ያዞሩት ነበር። ኩባንያዎቹ በ2023 ለ8.3 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ባዘጋጁት የሶፍትዌር ማሻሻያ ቁልፍ ሳይኖር ሞተር እንዳይነሣ ከማድረጋቸውም በላይ የጩኸቱን ርዝመት ከ30 ሰከንድ ወደ አንድ ደቂቃ አሳደጉት፤ በዚያውም ላይ ያንኑ ጥንታዊ የመሪ ማሰሪያ ብረት በፖሊስ አማካይነት በነጻ አደሉ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በመኪና ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በፕሪየስ የሚሠሩትማ ሌላም ሥጋት አለባቸው፤ ከመኪናው ሆድ ሥር ያለው የጢስ ማጣሪያ ፓላዲየም፣ ሮዲየምና ፕላቲነም የተባሉትን ክቡራን ማዕድናት ስለሚይዝ፣ በክሪክና በባትሪ መጋዝ በጥቂት ደቂቃ ተቆርጦ ይወሰዳል፤ ከሥሩ የብረት ጋሻ ማስገጠም ያንን ደቂቃ ያበዛዋል።

ወደ እኛ አገር የሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ በሌላ አገር ያገለገሉ እንደ መሆናቸው፣ አንዲቱ ኢሞቢላይዘር ይኖራታል፣ ሁለተኛዪቱ አይኖራትም። ባለቤቱ ይህን ለማወቅ ቢፈልግ ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ሄዶ ቺፕ የሌለው ተራ ቅጂ ያስቀርጽና ይሞክር፤ በዚያ ቅጂ ሞተሩ ተነሥቶ ከቆየ መኪናዪቱን የሚጠብቃት የቁልፉ ጥርስ ብቻ ነው ማለት ነው። እንዲህ ላለችው መኪና ስውሩ ማጥፊያ ግድ ነው እላለሁ።

ጥበብ ሲራቀቅ የሌባው ብልሃትም አብሮ ተራቀቀ። ቁልፍ ሳይገባ በኪስ ውስጥ እንዳለ ብቻ የሚከፈቱትና የሚነሡት መኪኖች ከመጡ ወዲህ፣ ሁለት ሰዎች ሆነው አንዱ አንቴና ይዞ በቤቱ በር አጠገብ ይቆማል፣ ሁለተኛው ከመኪናዪቱ ዘንድ ይጠብቃል፤ በመተላለፊያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ቁልፍ የሚሰጠው ሞገድ በመሣሪያዎቹ ተሸጋግሮ መኪናዪቱ ዘንድ ሲደርስ፣ እርሷ ጌታዋ የመጣ መስሏት ትከፈታለች። አዳክ የተባለው የጀርመን የአውቶሞቢል ማኅበር ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባደረገው ፍተሻ ብዙ ዓይነት መኪኖች በዚህ መንገድ መከፈታቸውን አሳይቷል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቁልፉን ሞገድ በማያሳልፍ ከረጢት ወይም በሚገባ በሚገጥም የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ማሳደር። ነገር ግን ማስታወቂያን አምኖ መተኛት አይገባም፤ ቁልፉን በሣጥኑ ከድኖ ከመኪናዪቱ አጠገብ ቆሞ በሩን መሞከር፣ ከተከፈተም ሌላ ሣጥን መፈለግ ነው። ከዚህም የባሰ አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. በለንደን የአንድ የመኪና ኮምፒዩተር ደኅንነት ተመራማሪ የገዛ ራሱ ቶዮታ ራቭ ፎር ከቤቱ ደጃፍ ተሰረቀ፤ ሌቦቹ መጀመሪያ የፊት መብራቱን ነካክተው ሄደው ነበር፣ እርሱም ተራ አጥፊዎች መስለውት ነበር። በኋላ ሲመረምር ግን ከመብራቱ ጀርባ ባሉት ሽቦዎች በኩል ወደ መኪናዪቱ ኮምፒዩተሮች የሐሰት ትእዛዝ የሚሰድ፣ የሙዚቃ ማጫወቻ የሚመስል መሣሪያ እንደሚሸጥ ደረሰበት። በዚህ ዓይነቱ ላይ ከረጢቱ ምንም አይረዳም፤ የመሪ ማሰሪያው ብረት ግን ዛሬም ይረዳል። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በካርድ ወይም በስልክ የሚከፈቱ ስለሆኑ፣ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅመናል። ሌሊት በግቢ የሚዘረጋው የባትሪ መሙያ ገመድም መዳብ መሆኑን ሌባ ሳይነገረው ያውቃል።

ቁልፉ ራሱ በየማን እጅ እንደሚያልፍ ማሰብም ይገባል። በላቫጆ ለአጣቢው፣ በጋራዥ ለመካኒኩ፣ በድግስ ቀን ለመኪና አስጠጊው ሲሰጥ፣ አብዛኞቹ ታማኞች ቢሆኑም፣ የመኪናውን ቁልፍ ከቤቱ ቁልፎች ጋር በአንድ ቀለበት አስሮ መስጠት አስተዋይነት አይደለም። ሊብሬንም በመኪናዪቱ ኪስ ውስጥ ማሳደር ሌባውን ሻጭ አድርጎ መሾም ነው፤ ቅጂውንና የሻንሲውን ቁጥር በቤት ማስቀመጥ፣ የጭረቷንና የምልክቷንም ፎቶግራፍ አንሥቶ መያዝ ለፖሊስ የሚሰጠውን ቃል ያጸናዋል። መኪናዪቱ ያለችበትን ቦታ የሚያሳውቀው ጂፒኤስ ጥሩ ረዳት ነው፤ ነገር ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ይደነቁራል፣ ባትሪውም ሲነቀል ዝም ይላል። ዋስትናን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላው ሰው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እንጂ የራስን መኪና መሰረቅ እንደማይሸፍን የማያውቁ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ለስርቆት የሚከፍለው በፈቃድ የሚገባው ሙሉ ዋስትና ነው፣ ከሱም ስፖኪዮና ጎማን የመሰሉ ዕቃዎች የሚካተቱበትን ሁኔታ ውሉን አንብቦ መረዳት ያስፈልጋል።

በ2024 እ.ኤ.አ. በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ አንድ የፖሊስ ባልደረባ በሕዝብ ስብሰባ ላይ፣ ሌቦች ቁልፍ ፍለጋ ቤት ሰብረው እንዳይገቡ ቁልፉን በፊት ለፊት በር አጠገብ አስቀምጡ ብሎ ስለ መከረ ብዙ ቁጣ ተነሥቶ ነበር። ቁጣው ይገባኛል፤ ንብረትን በእጅ አሳልፎ የመስጠት ያህል ነውና። በምክሩ ውስጥ ያለው አሳብ ግን የሚናቅ አይደለም፤ ነፍስ ከመኪና ይበልጣል። በሌሊት ድምፅ ሰምቶ በትር ይዞ ብቻውን የሚወጣ አባወራ ስንት መሣሪያ የያዙ ሰዎች እንደሚጠብቁት አያውቅም፤ መብራት ማብራት፣ መጮኽና ጎረቤት መጥራት ይገባዋል እንጂ መግጠም አይገባውም።

ጎረቤት ስል ደግሞ አዲስ ነገር አልተናገርሁም። በቀድሞው ዘመን ስርቆት በደረሰ ጊዜ የአገሩ ሰው በአፈርሳታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ አይበተንም ነበር፤ ሥርዓቱ ጭንቀትም በደልም ነበረበት፣ ነገር ግን የአንዱ ቤት ሌባ የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ መሆኑን ያስታውስ ነበር። ዛሬ በአንዳንድ ሰፈር ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ የሚያቆመው ሮንድ የዚያ አሳብ ቅሪት ነው። እነዚህን ሌሊት አዳሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በስስ ጋቢና በዱላ ብቻ አቁመን፣ ሲያንቀላፉ እንወቅሳቸዋለን። የእኛ ሰፈር ዘበኛ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። አምስት ቤት ሆነን ዝናብ የማያስገባ ማማ ሠራንላቸው፣ የእጅ ባትሪና ፊሽካ ገዛንላቸው፣ ማታ ማታም በተራ ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ እናወጣላቸዋለን፤ ፊሽካው ሲነፋ ማንም ሳይወጣ ሁሉም የደጁን መብራት እንዲያበራ ተስማማን።

ባለፈው የካቲት ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ፊሽካው ተነፋ። ከአልጋዬ ተነሥቼ መብራቱን ሳበራ የፊት ለፊቱ ቤት በርቶ ነበር፤ ቀጥሎ የግራው፣ ቀጥሎ ከማዕዘን ያለው በራ። በመስኮቱ በኩል ሁለት ሰዎች ከአስፋልቱ ዳር ወደ ታች ሲሄዱ አየሁ፤ አይሮጡም ነበር። ጧት ወጥተን ስናይ፣ በግቢው ጥበት ምክንያት ውጭ የሚያድረው የጎረቤታችን ሚኒባስ ከኋላው በክሪክ ተነሥቶ ቆሟል፤ ከጎማው ስድስት ዳዶዎች አራቱ ተፈትተው በድንጋይ ላይ ተደርድረዋል፣ ሁለቱ ግን በቦታቸው ናቸው። ጋሼ አራቱን አንድ በአንድ አንሥተው፣ አቧራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ ለባለቤቱ ሰጡት።